ባልትናዬ ከአስፋልቱ ራቀብኝ

«ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ዘወትር ከሚያነቡት አንዷ ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ሳሪስ ውስጥ ለስድስት ዓመት ያህል ባልትና ስሸጥ ቆይቻለሁ። የምሠራበት ቤት ሲፈርስ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶን ስለነበር ጠቅልለን ወደ ቱሉ ዲምቱ ገባን። ከምንኖርበት ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ ምድር ቤት ላይ ሱቅ ተከራየሁ። ኪራዩ በወር 9 ሺህ ብር ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስር ክክ፣ በሶ፣ ቆሎና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ጥራጥሬውንም በርበሬውንም ከመርካቶ አምጥቼ፣ ራሴ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አስፈጫለሁ። የመኪናውና የወፍጮው ወጪ ተቀንሶ በኪሎ በአማካይ 40 ብር ይተርፈኛል። በወር የምሸጠው ግን 380 ኪሎ ቢሆን ነው።

ባለቤቴ ታክሲ ማቆሚያው አጠገብ፣ አስፋልቱ ዳር፣ በ28 ሺህ ብር የሚከራይ ቤት አግኝቶ ተበድረን እንግባበት ይላል። እህቴ ደግሞ ወደ ሳሪስ ተመለሺ ትለኛለች፤ የድሮ ደንበኞቼ አሁንም ይደውሉልኛል። ማቆሚያው ጋ ያለው የዳቦ ቤት ባለቤት በ6 ሺህ ብር አንድ መደርደሪያና መስኮቱን ላጋራሽ ብሎኝ ነበር፤ የሰው ሱቅ ውስጥ ጥገኛ መሆኑ ደስ ስላላለኝ ተውኩት። ሰዉ «ጎበዝ ነጋዴ የትም ይሠራል» ሲል ስሰማ እንቅልፍ አጣለሁ። ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ቦታው ነው ወይስ እኔ ነኝ?
ሀ. ከቱሉ ዲምቱ»

እህቴ ሀ.፣

እንቅልፍ የነሳሽን አባባል በመጀመሪያ ከጆሮሽ አውጪው። ጎበዝ ነጋዴ የትም አይሠራም። እንዲህ የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ጥሩ ቦታ ይዘው የቆዩ፣ ቦታው የሠራላቸውን ሥራ ሁሉ በራሳቸው ጉብዝና የሚቆጥሩ ናቸው። አነጋገሩ ጨካኝ ነው፤ ደክሞ የከሰረን ሰው ሁለተኛ ጥፋተኛ ያደርገዋል። ስድስት ዓመት ሳሪስ ላይ ደንበኛ ያቆየች፣ ስልኳ ዛሬም የሚደወልላት ሴት ሥራውን አትችልም ብሎ የሚያስብ ቢኖር እኔ አልስማማም።

አትክልት ተራን አስቢ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ከፒያሳ ተነስቶ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ወረደ። ቲማቲምና ሽንኩርት የሚያወርደው መኪናም፣ አከፋፋዩም፣ ደላላውም አብረው ስለሄዱ ቸርቻሪው ተከትሏቸው ሄደ። ከነዚያ ነጋዴዎች አንዱ ብቻውን ዕቃውን ሰብስቦ ሃይሌ ጋርመንት ቢወርድ ኖሮ ማን ይከተለው ነበር? ገበያ ሲዛወር ገዢ አብሮ ይዛወራል፤ ነጋዴ ብቻውን ሲዛወር ግን እንደ አዲስ ይጀምራል። አንቺ ከሳሪስ የወጣሽው ብቻሽን ነው። ስለዚህ የስድስት ዓመት ነጋዴ ብትሆኚም፣ ለቱሉ ዲምቱ አዲስ ነሽ።

ባለቤትሽ አስፋልት አስፋልት የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ግን ሥራሽ ምን ዓይነት ቦታ እንደሚፈልግ ለይቶ ያየው አልመሰለኝም። ጎን ለጎን ሲሆን የሚደምቅ ንግድ አለ። የመኪና መለዋወጫ ፈላጊ ሶማሌ ተራ ይሄዳል፤ የሀበሻ ልብስ ፈላጊ ሽሮ ሜዳ ይወጣል። አንዱ ዘንድ ያጣውን ከሌላው ያገኛል፣ ዋጋ ያማርጣል፣ ጥለቱን ከጥለት ያወዳድራል። እንዲህ ላለው ዕቃ ሰው ሁለት ታክሲ ይይዛል። ለግማሽ ኪሎ ሽሮ ግን ማንም ታክሲ አይይዝም። ሽሮ የሚገዛው ወደ ቤት በሚያስገባው መንገድ ላይ ነው፤ ከዚያ መንገድ መቶ ሜትር ከወጣ ይረሳል። በርበሬ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። የዓመት በርበሬ የምታዘጋጅ እናት በብዛት ነው የምትገዛው፤ ቸኩላ አትገዛም፣ ትጠይቃለች፣ ትቀምሳለች፣ ያመነቻት ሴት ዘንድ ሦስት ብሎክ ተሻግራም ትመጣለች። አየሽ፣ በአንድ ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ቦታ የሚፈልግ ዕቃ ደርድረሻል።

ሰፈሩም ራሱ ዕድሜ አለው። ኮንዶሚኒየም ቁልፍ ተሰጠ ማለት ሰው ገባ ማለት አይደለም። ቤቱ ውስጡ ሳይጠናቀቅ ስለሚሰጥ፣ መጀመሪያ ገንዘብ የሚያገኙት ሴራሚክ፣ ቀለም፣ በር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃና የቧንቧ ዕቃ የሚሸጡት ናቸው። ሰው ገብቶ ሲረጋ የእነሱ ገበያ ይቀዘቅዝና ዳቦ፣ አትክልት፣ ፀጉር ቤትና መድኃኒት ቤት ተራቸው ይደርሳል። ስንቱ ሰው ነው ጥሩ ሥራ ይዞ ባልሞላ ሰፈር ቀድሞ ገብቶ፣ ሰፈሩ ሊሞላ ሲል ኪራይ አቅቶት የወጣ! እሱ ሲወጣ የገባው ደግሞ ተሳካለት፤ «ጎበዝ» ተባለ። በዳር ሰፈር ብዙ ጊዜ የሚተርፈው፣ ሰፈሩ እስኪሞላ ድረስ ትንሽ እያወጣ መቆየት የቻለው ነው። የአንቺን የ9 ሺህ ብር ኪራይ በዚህ ዓይን እዪው። ዝቅ ያለ ኪራይ ለአንቺ ጊዜ ይገዛልሻል።

አሁን ወደ 28 ሺህው ቤት እንምጣ። አንቺው የሰጠሽኝን ቁጥር ነው የማሰላው። ዛሬ 380 ኪሎ በ40 ብር ሲባዛ 15,200 ብር ይሆናል፤ ኪራዩ ሲወጣ 6,200 ብር ይቀርሻል። አስፋልቱ ዳር ገብተሽ ይህንኑ 6,200 ብር ለማግኘት ብቻ በወር 855 ኪሎ መሸጥ አለብሽ። ልብ አድርጊ፣ ይህ ለመሻሻል አይደለም፤ ዛሬ ባለሽበት ለመቆም ነው። ብድሩ፣ ወለዱ፣ የአዲሱ ቤት መደርደሪያና ዕድሳት ገና አልተነካም። ደግሞስ 855 ኪሎ ማን ይለቅመዋል፣ ማን ያጥበዋል፣ ማን ያደርቀዋል? ሽያጩ ቢገኝ እንኳ እጅሽ አይበቃም፤ ሠራተኛ ስትቀጥሪ ደግሞ 40 ብሯ 40 አትሆንም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው። ይህን ስሌት ለባለቤትሽ በወረቀት ጽፈሽ አሳዪው፤ ከክርክር ይልቅ ቁጥር ያግባባችኋል ብዬ አምናለሁ።

ከደብዳቤሽ ሁሉ ልቤን የሳበው ግን አንቺ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነው፤ ዳቦ ቤቱ። በ6 ሺህ ብር መደርደሪያና መስኮት! ይህን ለመሸፈን የሚያስፈልግሽ ተጨማሪ ሽያጭ በወር 150 ኪሎ ነው፤ በቀን አምስት ኪሎ፣ ማለትም ግማሽ ግማሽ ኪሎ የሚገዙ አሥር ሰዎች። እባክሽ እንደገና አስቢበት። ጥገኝነት ያልሽውን እኔ እንዲያውም ጉርብትና ነው የምለው፤ እሱ ዳቦ ይሸጣል፣ አንቺ ዳቦ አትሸጪም፣ የሁለታችሁም ገዢ ግን አንድ ሴት ናት።

ይህችን ሴት በደንብ አስተውያት። ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ማቆሚያው ጋ ቁሚና ተመልከቺ። ከሜክሲኮ ወይም ከስታዲየም አካባቢ ተነስታ፣ ቃሊቲ ላይ ታክሲ ቀይራ ትሆናለች። ስትወርድ በአንድ እጇ ቦርሳዋ፣ በሌላው ደግሞ መንገድ ላይ የገዛችው ሽንኩርት በፌስታል ነው። እግሯ ወደ ቤት፣ ሐሳቧ ወደ ምድጃ ነው፤ ልጆቹ በልተዋል? እራት ምን ልሥራ? ዳቦ ቤቱ ጋ ስትደርስ ትቆማለች፤ ለነገ ጠዋት ዳቦ ያስፈልጋላ። በዚያች በቆመችባት ደቂቃ ዓይኗ ፊት፣ በግማሽ ኪሎ የታሸገ ንጹሕ ሽሮ ካለ ትወስደዋለች። ያንኑ ሽሮ ፍለጋ ግን ከነሸክሟ ወደ አንቺ ብሎክ ዞር አትልም። ቤቷ ከገባች በኋላም ደረጃውን ወርዳ አትመጣም፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ሰው አንዴ ከገባ ገባ ነው።

አንድ ነገር ግን አረጋግጪ፤ ዳቦ ቤቱ ከመንገዱ በየትኛው ጎን ነው? በአገራችን መኪና የሚነዳው በቀኝ ስለሆነ፣ ከከተማ የሚመጣው ታክሲና አውቶቡስ ሰውን የሚያራግፈው ወደ ውጭ በሚወስደው መንገድ በቀኝ በኩል ነው። ያ ጎን የማታ ጎን ነው። ተቃራኒው የጠዋት ጎን ነው፤ እዚያ የሚቆመው ሰው ወደ ሥራ የሚጣደፍ ስለሆነ ሻይና ብስኩት እንጂ ሽሮ አይገዛም። ሁለቱ ጎኖች ፊት ለፊት ናቸው፤ የሚያልፈው ሰውም ያው ነው። ለባልትና ግን አንደኛው ገበያ፣ ሌላኛው ባዶ ነው። ይህን አንቺም ሳሪስ ላይ አይተሽው ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ከምኒልክ አደባባይ ወደ ቃሊቲ ሲወርድ መንገዱን መሃል ለመሃል ከፈለው፤ በአጭሩ ተሻግሮ ይገዛ የነበረ ሰው ዙሪያ መሄድ ሲሆንበት በራሱ በኩል ካለው ሱቅ መግዛት ይመርጣል።

ደግሞ የመኪና ብዛት አያታልልሽ። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ የሚነሳው ከሰፈርሽ ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ መኪና ይጎርፋል። ነገር ግን የክፍያ መንገድ ስለሆነ ዙሪያው ታጥሯል፤ መሃል መንገድ ላይ ቆሞ ቆሎ የሚገዛ የለም። ባለቤትሽ ያገኘው ቤት የሚያማምር አስፋልት ፊት ለፊት ሊሆን ይችላል። ጥያቄው እዚያ ስንት መኪና ያልፋል ሳይሆን ስንት ሰው እግሩን መሬት ያሳርፋል ነው። በሥራ ቀን፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፣ የደመወዝ ሰሞንና ወሩ ሲጋመስ እየሄድሽ ቁጠሪ። ታላቁን ልጅሽን ይዘሽው ሂጂ፤ አንቺ የሚወርዱትን ስትቆጥሪ እሱ ዳቦ ቤቱ የሚገቡትን ይቁጠር።

ስትለኪ ጾሙን አትርሺ። በዐቢይ ጾም ሽሮና ምስር የትም ቦታ ይሸጣል፤ በጾም የጀመርሽውን መስኮት «ቦታው ተአምር ነው» ብለሽ ውል እንዳታራዝሚ። በፋሲካ ማግስት ሽሮው ሲቀዘቅዝም ቦታው ከዳኝ አትበዪ። የጾም ወርን ከጾም ወር፣ የፍስክ ወርን ከፍስክ ወር ጋር አነጻጽሪ።

አሁን ያለሽውን ሱቅ ምን ላድርገው ትይኝ ይሆናል። ለጊዜው አትልቀቂው። ዳቦ ቤቱ የግማሽ ኪሎ ገበያ ይሁንልሽ፤ ሱቅሽ ደግሞ የማዘጋጃና የትልቅ ትእዛዝ ቦታ። በየፌስታሉ ላይ ስምሽን፣ ስልክሽንና የብሎክ ቁጥርሽን አትሚበት። ሽሮሽን በዳቦ ቤቱ መስኮት የለመደች ሴት የዓመት በርበሬዋን ለማሰናዳት ስትነሳ ለአንቺ ትደውላለች። የኮንዶሚኒየም ኑሮ ከሚፈጥርልሽ ደንበኛ ሁሉ ትልቋ እሷ ናት። በርበሬ የምታሰጣበት ግቢ የላትም፤ ብትወቅጥ የታችኛው ቤት ይጮኻል፤ ብታምስ ሽታው ደረጃውን ሁሉ ይሞላዋል። በግቢ ቤት የኖረች እናት ራሷ ትሠራው የነበረውን ዛሬ የግድ ከሰው ትገዛለች። አንቺ ካለሽበት ብሎክ ዙሪያ ይህ ችግር የሌለበት ቤት አታገኚም።

የት እንደምታሰጪ አልጻፍሽልኝም። በብሎኮቹ መሃል ያለው የጋራ ቦታ ላይ ከሆነ እስካሁን ኮሚቴው ዝም ማለቱ መልካምነቱ ነው፤ ሥራው ሲሰፋ ግን ዝም አይልም። የዳር ሰፈር ትልቁ ሀብት ግቢ ነው። ከኮንዶሚኒየሙ ወጣ ሲባል ፀሐይ የሚገባበት ግቢና ሰርቪስ ቤት ያላቸው ሰዎች አሉ። ሽያጩ ወደ ዳቦ ቤቱ መስኮትና ወደ ስልክሽ ካደላ በኋላ፣ በ9 ሺህ ብር የተከራየሽውን ሱቅ ለቀሽ እንዲህ ያለ ግቢ መፈለግ ትችያለሽ። ለማስጫና ለመቁያ ቦታ ሰው ማለፉ ምንም አይጠቅምሽም፤ የሚጠቅምሽ ውኃ፣ ፀሐይና ለወፍጮ ቤት ቅርበት ነው። ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ ተራው በየትኛው ቀን እንደሆነ ሳትጠይቂ ቀብድ አትክፈዪ።

ጥራጥሬውን ሁሉ ከመርካቶ ማምጣትሽንም እንደገና እዪው። በርበሬው ይሁን፤ የማረቆውንም የሀላባውንም ጎን ለጎን አይተሽ የምታማርጪበት በርበሬ ተራ ነው። ሽምብራውና ምስሩ ግን? የአድአ ምድር በጤፍና በሽምብራ የታወቀ ነው፤ ቢሾፍቱና ዱከም ደግሞ ለአንቺ ከመርካቶ የባሱ ሩቅ አይደሉም። በዚያ የሚመጣው እህል በአንቺ ደጅ አልፎ ከተማ መሃል ይገባል፤ አንቺ ተከትለሽው ትሄጂና ገዝተሽ፣ የመኪና ከፍለሽ ትመልሺዋለሽ። ቱሉ ዲምቱ ለመርካቶ ዳር ነው፤ ለአድአ ግን በር ነው። አንድ ቅዳሜ ዱከም ገበያ ውረጂና ዋጋውን ጠይቂ። በኪሎ አምስት ብር ብታተርፊ፣ ዛሬ በምትሸጭው ልክ እንኳ በመቶ ኪሎ 500 ብር ነው፤ ለዚያውም ኪራይ ሳትጨምሪ።

ስለ ውሉ አጥብቄ የምነግርሽ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ የመኖሪያ ቤትን የሚመለከት ነው፤ ሱቅሽን አይጠብቅልሽም። የንግድ ቤት ኪራይ በዋናነት የሚመራው በተስማማችሁት ውል ነው። ስለዚህ ከዳቦ ቤቱ ባለቤት ጋር በቃል አትግቢ። ለስድስት ወር ይሁን፣ ቢበዛ ለዓመት፤ ኪራዩ መቼና በስንት እንደሚጨምር፣ መስኮቱ ስንት ሰዓት እንደሚከፈትና እንደሚዘጋ፣ ሰውየው ራሱ ሽሮ እንደማይሸጥ፣ መልቀቂያ ማስታወቂያው ስንት ቀን እንደሆነ ይጻፍ። እሱም ተከራይ ከሆነ የእሱ ውል ለሌላ ማጋራትን ይፈቅድለት እንደሆነ ጠይቂ፤ ካልፈቀደ ባለቤቱ አንድ ቀን መጥቶ ሁለታችሁንም ያስወጣችኋል። መስኮቱ ሁለተኛ አድራሻ ስለሆነ ፈቃድሽ ላይ እንዴት እንደሚመዘገብም ወረዳሽ ንግድ ጽሕፈት ቤት ቀድመሽ ጠይቂ። ምናልባት ነገ ሥራው ሰፍቶ ወደ ገላን ወይም ወደ ኮዬ ፈጬ በኩል ብትሻገሪ፣ በ2015 ዓ.ም. የተቋቋመው የሸገር ከተማ አስተዳደር ስላለ የምትመዘገቢበትም ግብር የምትከፍይበትም ቦታ ሊለይ ይችላል። ጥቂት መቶ እርምጃ መራመድ በዚያ አካባቢ ከአንዱ መስተዳድር ወደ ሌላው ሊያሻግር ስለሚችል፣ ቤት ከማየትሽ በፊት ካርታውን እዪ።

ወደ ሳሪስ መመለሱን አልመክርሽም። ልጆችሽ ቱሉ ዲምቱ እያደሩ አንቺ ሳሪስ ብትውዪ፣ በመንገድ የሚያልቀው ሰዓትሽ የምትለቅሚበትና የምታዘጋጂበት ሰዓት ነው። የሚደውሉልሽን ግን በፍጹም አትጣያቸው። ስንት እንደሆኑና በወር ስንት ኪሎ እንደሚፈልጉ በደብተር መዝግቢ፤ ትእዛዛቸውን እስከ ሐሙስ ሰብስቢና ዓርብ ዓርብ በአንድ ጉዞ አድርሺላቸው፤ ክፍያውን አስቀድመው በቴሌብር ቢልኩልሽ ይሻላል። ከመካከላቸው አንዲት የምታምኛት፣ በረንዳዋን የምትሰጥሽ ሴት ካለች ዕቃውን እሷ ዘንድ አውርጂና ሌሎቹ መጥተው ይውሰዱ፤ ለእሷም የወሩን ሽሮ በነጻ ስጫት።